በላቲን ቁምስና የተጠመቀ የግዕዝ ሥርዓት ልጅ የየትኛው ቤተክርስቲያን ነው? ሜሮኑስ?

ትምህርተ_ክርስቶስ

ሰላም ለሁላችሁ። የሜሮን (የመንፈስ ቅዱስ ማኅተም የሆነው ቅብዓት) ትምህርት ምዝገባ በተጀመረ ቁጥር በውጭ አገር ከሚኖሩ ወላጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። መልሱ ተበታትኖ ከሚቀር እዚህ እናሰባስበው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት የሄዱ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች (ከሮም ጋር አንድ ሆነው በግዕዝ የሚያስቀድሱ) ናቸው። በሚኖሩበት ከተማ የግዕዝ ቅዳሴ ስለሌለ ልጃቸው በሰፈሩ የላቲን ቁምስና (አጥቢያ) ተጠመቀ። ልጁ 13 ዓመት ሲሞላው ቁምስናው ለሜሮን እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ወላጆች «እኛ ዘንድ ሜሮን ከጥምቀት ጋር ነው፤ ሲጠመቅ ተቀብቷል፤ በዓይናችን አይተናል» ይላሉ። ጽሕፈት ቤቱ «በመዝገባችን የለም» ይላል። በዚያ ላይ መዝገቡ ልጁን በላቲንነት አስፍሮታል።

ልጁ ሜሮን አለው ወይስ የለውም? አባልነቱስ የት ነው? የቀኖናውን ቁጥር ብትጠቅሱ ወላጆች ለቁምስናቸው ሊያሳዩት ይችላሉ።

መዝገብ_ቤት

ከሜሮኑ ልጀምር፤ ትልቁ መደናገር ያለው እዚያ ነው።

ወላጆቹ ቅብዓት አይተዋል፤ አልተሳሳቱም። በላቲን ሥርዓት ሕፃን ሲጠመቅ ካህኑ (ወይም ዲያቆኑ) ከውኃው በኋላ በቅዱስ ሜሮን አናቱን፣ ማለትም የራሱን መሐል ይቀባዋል። ዘይቱ ያው ጳጳሱ የባረከው ሜሮን ነው። ነገር ግን ይህ ቅብዓት የጥምቀቱ ሥርዓት ክፍል እንጂ ምሥጢረ ሜሮን አይደለም። በላቲን ምሥጢረ ሜሮን ሲሰጥ ቅብዓቱ ግንባር ላይ ነው፤ ቃሉም የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ ማኅተም ስለመቀበል የሚናገር ነው። በግዕዙ ሥርዓት ደግሞ ካህኑ ከግንባር ጀምሮ የስሜት ሕዋሳቱንና እጅ እግሩን ያትማል። ስለዚህ «የት ተቀባ? ማን ቀባው?» ብላችሁ ጠይቁ። አናቱ ብቻ ከሆነ፣ በተለይ ያጠመቀው ዲያቆን ከነበረ፣ ልጁ ምሥጢረ ሜሮንን ገና አልተቀበለም። የቁምስናው ጽሕፈት ቤት በዚህ ልክ ነው።

ሦስት ሁኔታዎች ግን ከዚህ ይለያሉ።

አንደኛው ልጁ ኢትዮጵያ ሄዶ ወይም ለጉብኝት በመጣ የግዕዝ ሥርዓት ካህን እጅ ከተጠመቀ ነው። በዚያ ጊዜ ሜሮኑ ከጥምቀቱ ጋር ተሰጥቷል ማለት ነው፤ የላቲን ቁምስና መዝገብ ግን «ጥምቀት» የሚል አምድ ብቻ ሞልቶ ሜሮኑን ባዶ ይተወዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚያች ባዶ አምድ ነው። ከ13 ዓመት በኋላ የመጣ ጸሐፊ «ባዶ ነው፣ ስለዚህ አልተቀበለም» ይላል።

ሁለተኛው፣ ሕፃኑ ሲወለድ ታሞ በሆስፒታል የተጠመቀ ከሆነ። ሞት ሲያሰጋ ማንኛውም ካህን ሜሮን መስጠት ይችላል (የላቲን ሕግ ቀኖና 883 ቁጥር 3)። ብዙ ካህናት ያደርጉታል፤ ግን ወረቀቱ ከሆስፒታሉ ወደ ቁምስናው ሳይደርስ ይቀራል።

ሦስተኛው፣ በእርግጥ ማወቅ ካልተቻለ። በቅድሚያ በደንብ ይመረመራል፤ ያጠመቀው ካህን ይጠየቃል፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ይጠየቃሉ፣ ፎቶና ቪዲዮ ካለ ይታያል። ከዚያም ጥርጣሬው ካልጠፋ ብቻ በቅድመ ሁኔታ ይሰጣል፤ «ካልተቀበልህ» በሚል ሐሳብ ማለት ነው (የምሥራቅ ሕግ፣ ማለትም ግዕዙን ጨምሮ የምሥራቅ ካቶሊኮች የሚመሩበት ሕግ፣ ቀኖና 672)። ሜሮን እንደ ጥምቀትና እንደ ክህነት የማይደገም ነው፤ «ለማንኛውም ይቀባ፣ ምን ይጎዳዋል» የሚባል ነገር የለም።

ቀኖና_29

የአባልነቱን ጥያቄ እኔ ልውሰድ። ስሜም እዚያው ነው።

የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ሕግ (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 1990 ታውጆ ከጥቅምት 1 ቀን 1991 ጀምሮ የሚሠራው) ቀኖና 29 ላይ እንዲህ ይላል፦ ዕድሜው 14 ያልሞላ ልጅ ሲጠመቅ የካቶሊክ አባቱ ቤተክርስቲያን አባል ይሆናል። እናቱ ብቻ ካቶሊክ ከሆነች፣ ወይም ሁለቱም ወላጆች ተስማምተው ከጠየቁ፣ የእናቱን ይከተላል። የአጥማቂው ካህን ሥርዓት፣ የሕንፃው ባለቤት፣ የመዝገቡ ቋንቋ ለውጥ አያመጡም። አባትየው የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊክ ከሆነ ልጁ በላቲን ካቴድራል በላቲን ጳጳስ እጅ ቢጠመቅም የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተክርስቲያን ልጅ ነው።

«ግን 13 ዓመት ሙሉ በላቲን ቁምስና ነው ያስቀደሰው» የሚል መልስ ይመጣል። የላቲኑ ሕግ ራሱ ቀኖና 112 ሁለተኛ አንቀጽ ላይ፣ በሌላ ሥርዓት ምሥጢራትን መቀበል የቱንም ያህል ዘመን ቢቆይ አባልነትን እንደማያዛውር ይናገራል።

ወላጆቹ ያልተጋቡ ከሆነ ልጁ የእናቱን ቤተክርስቲያን ይከተላል (ቀኖና 29 ሁለተኛ አንቀጽ)። ይህንን የምጠቅሰው በዓረብ አገሮች ለሚሠሩ እናቶች ነው። ልጁን የሚያጠምቀው የላቲን ካህን ቢሆንም እናትየዋ የግዕዝ ሥርዓት ከሆነች ይህ በመዝገቡ እንዲጻፍ መጠየቅ መብቷ ነው።

ከ14 ዓመት በኋላ የሚጠመቅ ሰው ደግሞ የሚገባበትን ቤተክርስቲያን ራሱ ይመርጣል (ቀኖና 30)።

ወላይታ_ሶዶ

አንድ ነገር መጨመር አለበት፤ ካልተጨመረ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ሁሉ የግዕዝ ሥርዓት አይደለም። የግዕዙ ሀገረ ስብከቶች አዲስ አበባ፣ አዲግራት፣ እምድብርና ባሕር ዳር ደሴ ናቸው። ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ሐዋሳ፣ መቂ፣ ሐረር፣ ነቀምቴ፣ ጅማ ቦንጋና ጋምቤላ የላቲን ናቸው። ከሆሳዕና የሄደ የላቲን ሥርዓት አባት ልጅ በውጭ አገር ሲጠመቅ ላቲን ነው፤ እንደ ላቲንም ሜሮኑን በኋላ ይቀበላል። ቁምስናው «ኢትዮጵያዊ ናችሁ» ብሎ ብቻ ልጁን ግዕዝ ብሎ ቢጽፈው እሱም ስሕተት ነው።

መኖሪያም አይወስንም። ከወላይታ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ 20 ዓመት የኖረ ላቲን አሁንም ላቲን ነው።

ትምህርተ_ክርስቶስ

@ወላይታ_ሶዶ በጣም ጥሩ ነጥብ። ኤርትራውያንንም በዚሁ እናንሳ። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ፍራንቸስኮስ የኤርትራን ሀገረ ስብከቶች ለይተው፣ አሥመራን መንበር አድርገው፣ ራሷን የቻለች ቤተክርስቲያን አቋቁመዋል። ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ግዕዝ ነው፤ ቤተክርስቲያኖቹ ግን ሁለት ናቸው። አባት ከከረን፣ እናት ከአዲግራት ከሆኑ መዝገቡ ላይ «የግዕዝ ሥርዓት» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። «የኤርትራ ካቶሊካዊት ቤተክርስቲያን» ወይም «የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተክርስቲያን» ይባል።

ሰላመ_ቤት

አባትየው የተዋሕዶ ኦርቶዶክስ፣ እናት የግዕዝ ካቶሊክ ከሆነችስ? ልጁ በካቶሊክ ቁምስና ቢጠመቅ?

ቀኖና_29

እናቱ ብቻ ካቶሊክ ስለሆነች የእናቱን። እናት ላቲን ከሆነች ልጁ ላቲን ነው፣ እናት ግዕዝ ከሆነች ግዕዝ። የላቲኑ ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ግልጽ ቃል ስላልነበረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 2016 ሁለቱን ሕጎች ለማስማማት የወጣው የር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ድንጋጌ ቀኖና 111 ላይ ጨምሮታል።

የቁምስና_ጸሐፊ

በዚያው የ2016 ድንጋጌ የላቲኑ ሕግ ቀኖና 535 ሁለተኛ አንቀጽም ተሻሽሏል። ከዚያ ወዲህ በላቲን የጥምቀት መዝገብ ላይ የተጠማቂው ቤተክርስቲያን፣ ዝውውር ካለም ዝውውሩ፣ መጻፍ አለበት። በምሥራቁ ሕግ ቀኖና 689 ከመጀመሪያውም ያዛል። በተግባር ግን ብዙ የላቲን ቁምስናዎች መዝገብ ለዚህ የተለየ አምድ የለውም፤ ስለዚህ «ማስታወሻ» የሚለው ቦታ ላይ ነው የሚጻፈው። ወላጆች ካልጠየቁ ማንም አያስታውሰውም።

ማስተካከያ የሚጠየቀው ልጁ አሁን ከሚያስቀድስበት ቁምስና ሳይሆን ከተጠመቀበት ቁምስና ነው። መዝገቡ ያለው እዚያ ነው። የሚያስፈልገው የአባትየው የጥምቀት ምስክር ወረቀት (የየትኛው ሀገረ ስብከት እንደሆነ የሚያሳይ)፣ የወላጆች የጋብቻ ወረቀት፣ የልጁ የጥምቀት ወረቀት ቅጂ፣ እና ለቆሞሱ (ለቁምስናው አለቃ ካህን) የሚጻፍ አጭር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ክርክር አይሁን። እንዲህ ቢል ይበቃል፦

«ልጃችን በዚህ ቁምስና በዚህ ቀን ተጠምቋል። አባቱ የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተክርስቲያን አባል ነው፤ ማስረጃው ተያይዟል። በምሥራቅ ሕግ ቀኖና 29 እና በላቲን ሕግ ቀኖና 111 መሠረት ልጁ የዚያው ቤተክርስቲያን አባል ስለሆነ፣ በቀኖና 535 ሁለተኛ አንቀጽ መሠረት ይህ በጥምቀት መዝገቡ ማስታወሻ ላይ እንዲጻፍና ማስታወሻው ያለበት አዲስ ወረቀት እንዲሰጠን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ቆሞሱ ካመነታ ጉዳዩን ወደ ሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ያስተላልፈው። ብዙ ጊዜ የሚያመነታው ስለማያውቀው ነው እንጂ ክፋት ኖሮበት አይደለም።

ሌላው የወረቀት ችግር ቀን ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣ የጥምቀት ወረቀት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። «ጥር 11 ቀን 2008» የሚለውን የውጭ አገር ጸሐፊ እንዳለ «ጃንዋሪ 11፣ 2008» ብሎ ይገለብጠዋል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 20፣ 2016 ነው (ያ ዓመት ጳጉሜን 6 ካላት ዓመት ቀጥሎ የመጣ ስለሆነ ጥምቀት በ19 ሳይሆን በ20 ዋለ)። ልጁ በ2015 ተወልዶ በ2008 የተጠመቀ ሆኖ ይገኛል፤ የጋብቻ ወረቀት ሲዘጋጅ ነው የሚታወቀው። ሲተረጎም «እ.ኢ.አ.» እና «እ.ኤ.አ.» ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፉ።

ስምም እንዲሁ። ወረቀቱ ላይ «ወልደ ሚካኤል» ወይም «ወለተ ማርያም» የሚለው የክርስትና ስም ብቻ ካለ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው የመዝገብ ስም፣ የአባትና የአያት ስም ተጨምረው እንዲጻፉ ከላኪው ቁምስና ይጠየቅ። የውጭ አገር ጸሐፊ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ እናትየዋንም በእሱ ይመዘግባታል፤ እሱም በጊዜ ይታረም።

ደብረ_ዘመዳ

ለምን ይህን ሁሉ ድካም? ልጁ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ነው። ጓደኞቹ በላቲን ቁምስና ናቸው፤ ግዕዝ አንድ ቃል አይሰማም። ወደ ላቲን ማዛወር አይቀልም? እምነቱ አንድ ነው፣ ር.ሊ.ጳጳሳቱ አንድ ናቸው።

ቀኖና_29

በላቲን ቁምስና ማስቀደስ፣ መቁረብ፣ ንስሐ መግባት ዝውውር አይጠይቅም። ማንም አይከለክለውም። ዝውውር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያለ ቅድስት መንበር (ያለ ሮም) ፈቃድ አይጸናም (የምሥራቅ ሕግ ቀኖና 32)። ማመልከቻው በጳጳሱ በኩል ወደ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፣ ምክንያት ይጠየቃል፣ ፈቃዱ ሲመጣ አመልካቹ በአካባቢው ጳጳስ ወይም በቆሞሱ ወይም በተወከለ ካህን ፊት፣ ሁለት ምስክሮች ባሉበት፣ በቃሉ ያረጋግጣል፤ ያኔ ነው የሚሠራው። «ለቀላልነት» በሚል የሚሰጥ ነገር አይደለም። በትዳር ግን ሚስት ስትጋባ ወይም በትዳሯ ጊዜ ወደ ባሏ ቤተክርስቲያን መዛወር ትችላለች፤ ትዳሩ ሲያበቃ መመለስ ትችላለች (ቀኖና 33)። ወላጆች አብረው ከተዛወሩ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ14 በታች የሆኑ ልጆች ይከተላሉ፤ ልጁ 14 ሲሞላው ወደ ነበረበት መመለስ ይችላል (ቀኖና 34)።

ዜማ_ወዳጅ

@ደብረ_ዘመዳ «እምነቱ አንድ ነው» የሚለው እውነት ነው፤ የሚያስጨንቀኝ ከዚያ የሚወጣው መደምደሚያ ነው። ይህ መንገድ በአገራችን አንድ ጊዜ ተሞክሯል። በ1620ዎቹ ዓፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ሲቀበሉ፣ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የሕዝቡን ጥምቀትና የካህናቱን ክህነት አጠራጥረው አስደገሙ፣ የአገሩን ሥርዓተ አምልኮም ወደ ላቲን ለመለወጥ ገፉ። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ አዋጁን መለሱ፣ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን አስወጡ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓድዋ የገቡት አቡነ ያዕቆብ (ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ) ተቃራኒውን አደረጉ፤ ግዕዙን ያዙ፣ በግዕዙ ቀደሱ፣ የአገሩን ካህናት አሠለጠኑ። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የእሳቸው ፍሬ ናቸው። ዛሬ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊክ አለ የምንለው በዚያ ምርጫ ነው።

ሮምም ግዕዝን የምታውቀው ዛሬ አይደለም። የግዕዝ አዲስ ኪዳን መጀመሪያ የታተመው እዚያው ሮም፣ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549፣ በተስፋ ጽዮን ድካም፣ በቫቲካን ባለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ዘመን ነው።

ልጁ ግዕዝ አይሰማም ብሎ ተስፋ አይቆረጥም። የምእመናኑን ተሰጥዖ በድምፅ ቀድቶ በሳምንት አንድ ማስያዝ ይቻላል። «እግዚኦ ተሠሃለነ ክርስቶስ» አጭር ነው፣ ዜማውም በቀላሉ ይያዛል፤ ከዚያ «ምስለ መንፈስከ»፣ ከዚያ «አቡነ ዘበሰማያት»። ልጅ በዜማ የያዘውን አይረሳም፣ ትርጉሙ በኋላ ይደርስበታል። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ከጸሎተ ሃይማኖት ሲጀምር ነው፤ ረጅም ስለሆነ ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል።

ትምህርተ_ክርስቶስ

ከዚሁ ጋር የአሁኑን ነገር ላያይዝ። ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛ በተመረጡ በሳምንቱ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 2025፣ ለምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ኢዮቤልዩ የመጡትን ተቀብለው ሲናገሩ፣ በስደት ያሉ የምሥራቅ ምእመናን አገራቸውን ብቻ ሳይሆን ሃይማኖታዊ ማንነታቸውንም እንዳያጡ ሥጋታቸውን ገልጸዋል። የላቲን ጳጳሳት እነዚህን ምእመናን በተጨባጭ የሚደግፉበትን መርሕና መመሪያ ለማውጣት እንዲያግዛቸውም የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጽሕፈት ቤትን ጠይቀዋል። ያነሱት የሊዮ 13ኛን የ1894 ደብዳቤ ነው፤ ያ ደብዳቤ የምሥራቅ ካቶሊክን ወደ ላቲን የሚስብ የላቲን ካህን ከሥራው እንዲነሣ ያዝ ነበር። ስለዚህ ወላጅ ወደ ቆሞሱ ሲሄድ ልመና ይዞ የሚሄድ አይምሰለው፤ ቤተክርስቲያን ራሷ የምትፈልገውን ነው የሚጠይቀው።

ደብረ_ዘመዳ

@ዜማ_ወዳጅ @ቀኖና_29 አመሰግናለሁ። ዝውውርና ማስቀደስ አንድ ናቸው ብዬ ነበር። ይህ ልጅ ሜሮን ካልተቀበለ ግን የላቲን ጳጳስ ሲመጣ ከጓደኞቹ ጋር መቀበል ይችላል ወይስ አይችልም?

መዝገብ_ቤት

ይችላል፤ ይጸናል። ጳጳሱ ወይም ሥልጣኑ የተሰጠው የላቲን ካህን ለምሥራቅ ምእመን ሜሮን መስጠት ይችላል (የምሥራቅ ሕግ ቀኖና 696)። ከዚያም በኋላ ልጁ ላቲን አይሆንም፤ መዝገቡ ላይ «የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተክርስቲያን» እንደሆነ ይቀጥላል።

የተሻለው ግን 13 ዓመት አለመጠበቅ ነው። የግዕዝ ሥርዓት ካህን ለማንኛውም ካቶሊክ ሜሮን የመስጠት ሥልጣን በክህነቱ አለው፤ የጳጳስ የተለየ ፈቃድ አይጠብቅም። ሕጉም ከጥምቀቱ ጋር እንዲሰጥ፣ በእውነተኛ ችግር ከዘገየም ቶሎ እንዲሰጥ ያዛል (ቀኖና 695)። በዓመት አንድ ጊዜ የግዕዝ ካህን በሚመጣበት ከተማ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ስልክ ደውሉ፣ የልጁን የጥምቀት ወረቀት አዘጋጁ። ካህኑ ከቀባው በኋላ ለተጠመቀበት ቁምስና ያሳውቅ፤ ይህንን ካላደረገ ከላይ ያልኩት ባዶ አምድ ይፈጠራል።

ልጅ ገና ያልወለዳችሁ ደግሞ ከመጀመሪያው አስቡበት። በላቲን ቁምስና ሕንፃ ውስጥ የግዕዝ ካህን እንዲያጠምቅ መጠየቅ ይቻላል፤ የልጁ ቤተክርስቲያን ካህን ፈቃድ ሲጠይቅ የሌላ ቤተክርስቲያን ቆሞስ ሊከለክለው አይችልም (ቀኖና 678)። 40 ወይም 80 ቀኑ ካለፈ ብላችሁ አትጨነቁ። ሕፃኑ ታሞ ከሆነ ግን የግዕዝ ካህን ፍለጋ አትዘግዩ፤ የቅርቡ ካህን ያጥምቀው።

አዲግራት_ዓዲ

ወረቀት ማምጣት ስለማይቻልባቸው ቦታዎች ማንም አላነሳም። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ስልክም ፖስታም ስለተቋረጠ ከአዲግራት ሀገረ ስብከት ወረቀት የማይመጣበት ጊዜ ነበር። ወረቀት ስለሌለው «አልተጠመቀም» ተብሎ እንደገና የሚጠመቅ ሰው እንዳይኖር ይህን እወቁ፦ ማንንም የማይጎዳ ከሆነ ጥምቀትን ለማረጋገጥ የአንድ ታማኝ ምስክር ቃል ይበቃል (ቀኖና 691)። የክርስትና እናት ወይም አባት ቃል፣ በጽሑፍ፣ ስም፣ ቀን፣ ቁምስና፣ ያጠመቀው ካህን ተጠቅሶ፣ በቆሞሱ ፊት ተፈርሞ። መሐላ ቢታከልበት ይበልጥ ይጠነክራል። መንገዱ ሲከፈት ዋናው ይፈለጋል።

ሰላመ_ቤት

ከተዋሕዶ ወደ ካቶሊክ የሚመጡትስ? ውጭ አገር ለአዋቂዎች በሚሰጠው የመግቢያ ትምህርት ውስጥ ካልተጠመቁት ጋር አንድ ላይ አስገብተው በትንሣኤ ሌሊት ሜሮን ይቀቧቸዋል።

ቀኖና_29

ይህ ስሕተት ነው፤ ብዙ ቦታም ይሠራል። የተዋሕዶ ጥምቀት ይጸናል፣ ሜሮኑም ይጸናል። በ40 ወይም በ80 ቀኑ የተጠመቀ ሰው ሜሮንን ያኔ ተቀብሏል። የሚጠየቀው የካቶሊክ እምነት መግለጫ ብቻ ነው (ቀኖና 897)፤ ከሚያስፈልገው በላይ ሸክም አይጫንበት (ቀኖና 896)። ሌላው ሁሉም የሚዘነጋው፣ የላቲን ካህን ቢቀበለውም ላቲን አይሆንም፤ ሥርዓቱን ይዞ ይገባል (ቀኖና 35)፣ ማለትም የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተክርስቲያን አባል ይሆናል። ይህ ደግሞ ሲያገባ ይመጣበታል።

የቁምስና_ጸሐፊ

ትዳር ከተነሣ ከሁሉ የከፋው ስሕተት እዚያ ነውና በዝርዝር ልጻፍ።

በላቲን አገሮች ዲያቆን ጋብቻ ማስፈጸም ይችላል፤ የተለመደ ነው። ለምሥራቅ ካቶሊክ ግን ጋብቻ የሚጸናው በተቀደሰ ሥርዓት ነው፣ የተቀደሰ ሥርዓት ማለትም የካህን ቡራኬ ነው (ቀኖና 828)። የ2016ቱ ድንጋጌ በላቲን ሕግ ቀኖና 1108 ላይ ሦስተኛ አንቀጽ ጨምሮ ግልጽ አድርጎታል፦ ሁለት የምሥራቅ ምእመናን ሲጋቡ፣ ወይም ላቲን ከምሥራቅ ካቶሊክ ወይም ካቶሊክ ካልሆነ የምሥራቅ ክርስቲያን ጋር ሲጋባ፣ ካህን ብቻ ነው የሚያጋባው።

ችግሩ እንዲህ ይፈጠራል። ሙሽራው በላቲን ቁምስና ተጠምቆ ያደገ፣ አባቱ የግዕዝ ሥርዓት የሆነ ልጅ ነው። መዝገቡ አባልነቱን አያሳይም። ቁምስናው ላቲን ነው ብሎ ዲያቆን ይመድባል። ሁለቱ በቅን ልቡና ይጋባሉ፤ ጋብቻው ግን የሥርዓት ጉድለት አለበት። ለዚህ ነው ከላይ ማስታወሻው ይጻፍ ብዬ የጨቀጨቅሁት። አስቀድሞ ከታወቀ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ካህን ይመደባል። ከተፈጸመ በኋላ ከታወቀ ባልና ሚስት ሳይደናገጡ ወደ ሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ወይ በካህንና በሁለት ምስክሮች ፊት ቃላቸውን ያድሳሉ፣ ወይ ጳጳሱ ጋብቻውን ከሥሩ በውሳኔ ያጸናዋል፤ በሁለተኛው መንገድ ቃል ማደስ አያስፈልግም። ልጆቻቸው በዚህ ምክንያት የሚያጡት ነገር የለም።

ሌላኛው ወገን ተዋሕዶ ከሆነ ፈቃድ ከጳጳሱ ይጠየቃል። ለመጠየቅ ቢያንስ ስድስት ወር አስቀድሙ፤ ወረቀቱ ከሁለት አገር ስለሚመጣ ይዘገያል። የጥምቀት ወረቀቱም አዲስ የወጣ ይሁን፤ ብዙ ሀገረ ስብከቶች ከስድስት ወር በላይ የቆየ አይቀበሉም፣ ማስታወሻዎቹ የሚታዩት በአዲሱ ላይ ነውና።

ዶሃ_አቡዳቢ

በባሕረ ሰላጤው ላለነው፦ እዚህ የግዕዝ ሀገረ ስብከት ስለሌለ የአካባቢው የላቲን ጳጳስ የእኛም ጳጳስ ነው (ቀኖና 916 አምስተኛ አንቀጽ)። ለኤምሬትስ፣ ለኦማንና ለየመን መንበሩ አቡዳቢ ነው፤ ለኳታር፣ ለኩዌት፣ ለባሕሬንና ለሳዑዲ ደግሞ አዋሊ፣ ባሕሬን። ፈቃድም ሆነ ማስተካከያ የሚጠየቀው በእነሱ በኩል ነው እንጂ በቀጥታ ከአዲስ አበባ አይደለም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወረቀት ብቻ ነው።

በዓላትና ጾምስ? ልጆች ገናን ሁለቴ ማክበር አለባቸው ወይ?

ቀኖና_29

ግዴታ የለም። ከራሱ ቤተክርስቲያን ክልል ውጭ የሚኖር ምእመን ባለበት ቦታ የሚሠራውን የበዓልና የጾም ሥርዓት ሙሉ በሙሉ መከተል ይችላል፤ ወላጆች ከሁለት ቤተክርስቲያን ከሆኑም የአንዱን መከተል ይቻላል (የምሥራቅ ሕግ ቀኖና 883)። ታኅሣሥ 29ንና ጥር 11ን ማክበር የፈለገ ያክብር፣ ደስ የሚል ነው። የእሑድ ቅዳሴ ግን በየትኛውም ሥርዓት ይሁን አይቀርም፤ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ይቆጠራል።

ትምህርተ_ክርስቶስ

ለዛሬው ጥያቄ ይበቃል መሰለኝ። ወላጆች፣ ማስታወሻው ያለበት አዲስ ወረቀት ሲደርሳችሁ ሁለት ቅጂ አድርጉ፦ አንዱን ልጁ አሁን ለሚማርበት ቁምስና ስጡ፣ አንዱን ቤት አስቀምጡ። ዋናውን ለማንም አትስጡ። ሜሮን መቀበሉ ከተረጋገጠና ቁምስናው አሁንም «ይመዝገብ» ካለ፣ ትምህርቱን ከጓደኞቹ ጋር ይማር፤ ጠቃሚ ነው። በሥርዓቱ ቀን ግን አይቀባም፤ ይህንን ለመምህሩ ከወራት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ፣ በዕለቱ ተሰልፎ ሲደርስ ክርክሩ ጳጳሱ ፊት እንዳይሆን።